የአጎቴ «አሚን»

አላህ ይዘንለትና፣ አጎቴ ጆሮው አይሰማም ነበር። ሎጊያ ከተማ፣ ጎሚስታ ቤቱ ደጅ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ የሰው ከንፈር ሲንቀሳቀስ ካየ፣ ፈገግ ብሎ «አሚን» ይላል። አንድ ሾፌር ይህን አውቆ፣ «ጆሮህን እንደደፈነው ዓይንህንም ያጥፋው!» ይለዋል። አጎቴ «አሚን» ሲል ሰው ይስቃል።

አንድ ቀን ድምፅ ሳላወጣ በከንፈሬ ብቻ «ውሃ ጠማኝ» አልኩት። ተነስቶ ውሃ አመጣልኝ። እስካሁን ግራ ይገባኛል። እርግማኑንም ያውቀው ነበር ማለት ነው? እያወቀ ለምን አሚን አለ? ሳልጠይቀው ሞተ።

ለቅሶው ላይ ያ ሾፌር መጣ። አጎቴ ይቀመጥበት የነበረውን ባዶ ጎማ እያየ «አላህ ጀነትን ይወፍቀው» አለ። ሁሉም «አሚን» አለ። አጎቴም ቢኖር ይል ነበር። የእኔ ከንፈር ግን አልላቀቅ አለ። ሾፌሩ ከንፈር ከንፈሬን ያያል።