ከስርቆቱ የቀደመ ጩኸት

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ እስካገኝ ድረስ ደብረ ታቦር እናቴ ቤት የተቀመጥኩበት ክረምት ነበር። ወንድሜ ወደ ባሕር ዳር ሲመለስ የዲቪዲ ማጫወቻውንና አንድ ከረጢት ሙሉ ፊልም ትቶልን ሄደ። ፊልሞቹ በሙሉ እንግሊዝኛ ናቸው። ስለዚህ ሳልጠየቅ የቤቱ ተርጓሚ ሆንኩ። እኔ ደግሞ ሰው ፊት አፌን መክፈት የምፈራ ልጅ ነኝ። አራት ዓመት ስማር ክፍል ውስጥ እጄን ያወጣሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዱም መስኮት እንዲዘጋልኝ ለመጠየቅ ነበር።

ተመልካቾቼ ሁለት ናቸው። አንዷ ከእኛው ጋር የሚኖሩት የአያቴ እህት ናቸው፤ ቤተሰቡ በሙሉ እምዬ እንላቸዋለን። ሌላው ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት ሽማግሌ ጎረቤታችን ናቸው፤ እኔ አባባ እላቸዋለሁ። ሁለቱ በልጅነታቸው አብረው ጥጃ የጠበቁ ናቸው። ሰማንያ ዓመት አልፏቸውም አንተ አንቺ ይባባላሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ አንዱ አንድ ቀን ከቀረ ሌላው ያኮርፋል።

በመካከላቸው ግን ያልተፈታ አንድ ነገር ነበር። በጣሊያን ጊዜ የእምዬ አባት፣ የእኔ ቅድመ አያት ማለት ነው፣ ከከተማው ዳር በነበረው ምሽግ የጣሊያንን በቅሎዎች ይጠብቁ ነበር። አንድ ማለዳ ከምሽጉ ጥይት ጠፋ። ቅድመ አያቴ አጥሩ ላይ ወጥተው «ሌባ! ወደ ጋፋት ወረዱ!» ብለው ጮኹ፤ በእጃቸውም አሳዩ። ጩኸቱን የከተማው ሰው ሁሉ ሰማ። ወታደሮቹ ወደ ጋፋት ሲወርዱ የአባባ አባት እዚያ ማሳቸውን እያረሱ ነበር። ሰውዬው ነፍሳቸውን ለማትረፍ በሬዎቹን ከነቀንበራቸው ጥለው ሮጡ፤ ሲመለሱ በሬ የለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ የቅድመ አያቴ ስም ባንዳ ሆኖ ቀረ። እርሳቸውም ጣሊያን ሳይወጣ በተስቦ ሞቱ።

እምዬ በዚያ ዘመን የአሥር ዓመት ልጅ ነበሩ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ለአባባ አንድ ጊዜ ሊነግሯቸው ሞክረዋል። «አባቴ ሲጮህ ጥይቱ ገና ከምሽጉ አልወጣም ነበር» ቢሏቸው አባባ ሳቁባቸው። ያልወጣ ጥይት እንዴት ጠፋ ተብሎ ይጮህበታል? እምዬ ዳግመኛ አላነሱትም። አባባ ግን ሞቅ ሲላቸው፣ ሰርግም ይሁን ማኅበር፣ «አባትሽ ባይጮህ ኖሮ እኔም የበሬ ጌታ ልጅ እባል ነበር» ማለታቸውን አልተዉም። ሰው ይስቃል። እምዬም አብረው ይስቁ ነበር፤ ቤት ሲገቡ ግን ራት አይበሉም። ይህን የማውቀው ሰሃኑን የማነሳው እኔ ስለሆንኩ ነው።

የፍልሰታ ጾም ውስጥ ነበርን። ሁለቱ ከቅዳሴ ተመልሰው፣ ሽሯቸውን ቀምሰው፣ የሽምብራ ቆሎ መሃላቸው ተቀመጠ። ከከረጢቱ አንዱን ፊልም ሳላይ አወጣሁና ከፈትኩት። ጥቁር ልብስ የለበሱ ወንዶችና ትከሻቸው የተራቆተ ሴቶች በአንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ይተራመሳሉ።

«ይሄ ምን ቤት ነው?» አሉ እምዬ።

«ቁማር ቤት ነው፣ እምዬ።»

«በፍልሰታ ቁማር ቤት ታስገቢኛለሽ!»

«ቆይ፣ ልጅቱ ምን ታድርግ፣» አሉ አባባ፤ ዓይናቸውን ከሴቶቹ ሳይነቅሉ። «ብርድ አያውቃቸውም እንዴ እነዚህ? አንድ ቀን ጉና ሥር ቢያድሩ ለወሬ ነጋሪ አይተርፉም።»

«አንተ ቆሎህን ብላ።»

ነገሩ ይህ ነበር። ስድስት ሰዎች ቁማር ቤቱን ሊዘርፉ ይመካከራሉ። ገንዘቡ ከመሬት በታች፣ በወፍራም የብረት በር የተዘጋ ክፍል ውስጥ ነው። የክፍሉ ዘበኛ ከስድስቱ አንዱ ነው፤ ከውስጥ ሆኖ ሊያግዛቸው ቃል ገብቷል። እስከዚህ ድረስ በደንብ ተረጎምኩ። ችግሩ ዝናቡ ነው። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የራሴን ድምፅ አልሰማውም፤ እነርሱም «ምን አለች? ምን አለች?» እያሉ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ወደ እኔ ይዞራሉ። እኔ ያልኩትን ስደግም ፊልሙ ሌላ ነገር ብሎ ያልፋል። መሃል ላይ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ይመጣል፤ የማን አባት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ያኔ የአንደኛዋ ሴት አባት ነው ብዬ አለፍኩት፤ ማንም አልጠየቀኝም።

ከዚያ የሌቦቹ ቀን ደረሰ። ክፍሉ ሲከፈት ባዶ ነው። ዘበኛው ደወሉን ይጫናል፣ ይጮኻል፣ ወደ መንገዱ በእጁ ያሳያል። የቁማር ቤቱ ጠባቂዎች በሙሉ ወደ ውጭ ይፈሳሉ፤ መኪና በመኪና ላይ ይነሳል። አምስቱ ጓደኞቹ በዚያ መንገድ ላይ በእግራቸው ሲሄዱ ይታያሉ።

እኔም፣ ያየሁትን ይዤ፣ «ዘበኛው ከዳቸው» አልኩ።

አባባ ጭናቸውን መቱ። «ባንዳ ነዋ! ባንዳ ሆነ በያ!»

አዎ አልኩ። ለምን አልኩ? ቶሎ እንዲያልፍልኝ ነበር። ፈሪ ሰው ከመከራከር ይልቅ አዎ ማለት ይቀለዋል።

አባባም ወዲያው፣ «ይሄን ሰውዬ እኔ አውቀዋለሁ። አጥር ላይ ሲጮህ ሰምቼዋለሁ» አሉና ወደ እምዬ ዞረው ሳቁ።

እምዬ አልሳቁም። ወደ ፊት አጎንብሰው፣ አፍንጫቸው ቴሌቪዥኑን ሊነካ ደርሶ፣ ምስሉን ያያሉ። ዕድሜ ልኬን ካየኋቸው በላይ ነቅተዋል።

«ገና አልወጣም» አሉ።

«ምኑ?» አልኩ።

«ገንዘቡ። እዚያው ነው። አያችሁ፣ ሁሉም ወደ ውጭ ሮጠ። ውስጥ የሚፈልግ ማን ቀረ? ልጁ አልከዳም። እንዲሮጡለት ነው የጮኸው።»

«ክፍሉ ባዶ ነው'ኮ እያየሽ!» አሉ አባባ።

«ክፍሉ ባዶ ነው፤ ቤቱ ግን ባዶ ነው አልተባለም።»

በዚህ መሃል መብራት ሄደ። በክረምት የተለመደ ነው። ጨለማ እንኳ አልነበረም፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ነው፣ በመስኮቱ ግራጫ ብርሃን ይገባል። ዝናቡም ጋብ ብሎ ነበር። ሁለቱ ጥቁሩን ቴሌቪዥን እያዩ ተቀመጡ። አባባ «እንግዲህ መጨረሻውን ማን ያውቃል» አሉ።

«እኔ አውቃለሁ» አሉ እምዬ።

ከዚያ ያወሩት ነገር ስለ ፊልሙ መስሎኝ ነበር፤ ጥቂት ቆይቼ ነው ስለ ምሽጉ መሆኑን የተረዳሁት።

የበቅሎዎቹ ጋጣና የጥይቱ ግምጃ ቤት አንድ ግድግዳ ይጋሩ ነበር፤ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ። ቅድመ አያቴ ከጋጣው በኩል ድንጋይ ነቅለው፣ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ስበው፣ በበቅሎ ፋንድያ ክምር ሥር ቀበሩ፤ ድንጋዩንም መልሰው ለሰኑት። ከዚያ ወዲያ ግን መላ ጠፋ። በሩ ላይ ያለው ወታደር ከምሽጉ የሚወጣውን ሁሉ፣ ፋንድያውንም ጭምር፣ በሳንጃ ይወጋል። ጥይቱ ተሰርቋል፣ ግን አልወጣም። አንድ ቀን ቆጠራ ከመጣ ያልቅላቸዋል።

«ስለዚህ አባቴ አጥሩን ራሱ ጣሰ» አሉ እምዬ። «ባዶ ሳጥን ከአጥሩ ውጭ ጣለ፤ ወደ ጋፋት በሚወስደው በኩል። ከዚያ ወጥቶ ጮኸ። ጣሊያን ግምጃ ቤቱን ከፈተ፣ ጎድሏል። አጥሩን አየ፣ ተጥሷል። ሳጥኑን አየ። እንግዲህ ሄዷል ብሎ አመነ። የሄደ ነገር ቤት ውስጥ አይፈለግም። ከዚያ ቀን ወዲያ የሚፈትሹት ወደ ምሽጉ የሚገባውን ሆነ፤ ለሚወጣው ፋንድያ ማን ግድ አለው? በሳምንቱ እኔ በቅርጫት አወጣሁት። ለጓሯችን ማዳበሪያ ነው እያልኩ። ላዩ ፋንድያ፣ ሥሩ ጥይት። እናቴ ጓሮ ትገለብጠዋለች፤ አርበኞቹ የላኩት ሰው ይወስደዋል።»

አባባ ቆሎ አንስተው አፋቸው ሳያደርሱ በእጃቸው ያዙት።

«ያን ጊዜ ትሸቺ ነበር» አሉ በመጨረሻ።

«ምን?»

«ፋንድያ ፋንድያ ትሸቺ ነበር። ጥጃ ስንጠብቅ አጠገቤ አትቀመጪ እልሽ ነበር። አትታጠብም እንዴ ይቺ እያልኩ።»

«ሳምንት ሙሉ ያንን ተሸክሜ ምን ልሽተት!»

መብራቱ መጣ። ፊልሙ ራሱ ስላልቀጠለ ቦታውን ፈልጌ ማግኘት ነበረብኝ። እምዬ ተሳስተው ቢሆንስ? ፊልም ነው፤ የፈለገው ሰው የፈለገውን ያደርጋል። ዘበኛው እውነት ከሃዲ ቢሆን፣ ሰባ ዓመት ያልታመነላቸው ነገር በአንድ የቁማር ቤት ፊልም ሊፈርስ ነው። ማጫወቻውን አበላሸሁት ብዬ ልዋሽ አስቤ ነበር።

ነገር ግን ፊልሙ ሄደ፤ ተረጎምኩም፤ በዚህ ጊዜ ጮክ ብዬ። ፖሊስ ከተማውን ሲያስስ ይሰነብታል። አምስቱ ተይዘው ይፈተሻሉ፤ ባዶ እጃቸውን ናቸው፤ ይለቀቃሉ። ከሳምንት በኋላ የቁማር ቤቱ ቆሻሻ መኪና ከኋላ በር ይወጣል። የሚነዳው ዘበኛው ነው። ክፍሉ ውስጥ ሐሰተኛ ግድግዳ ነበረ፤ ገንዘቡ ከዚያ ጀርባ ነበር።

«እልል!» አሉ እምዬ፤ ከመቀመጫቸው ግማሽ ተነስተው። ከዚያ ጾም መሆኑ ትዝ ሲላቸው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

አባባ ወደ እኔ ዞሩ። «ያንን የጮኸበትን መልሺልኝ።»

መለስኩላቸው። ሦስት ጊዜ አዩት። በሦስተኛው፣ «እጁን እይው፣ ወደ መንገዱ ሲያሳይ ዓይኑ ወደ ቤቱ ነው» አሉ። እኔ አላስተዋልኩትም ነበር።

«እና በሬዎቻችንስ?» አሉ ቀጥለው፣ ቀስ ብለው።

«በሬዎቻችሁ ያሳዝኑኛል» አሉ እምዬ። «አባቴም አዝኖ ነበር። ጋፋት ላይ በዚያ ሰዓት ሰው ያርሳል ብሎ አላሰበም። የበላው ግን ጣሊያን ነው።»

«ጣሊያን ነው የበላው» አሉ አባባም። ከዘራቸውን አነሱና ሳይሰናበቱ ወጡ። እምዬ ያን ማታ ራታቸውን ጥርግ አድርገው በሉ፤ እኔ ግን የአባባ እንዲያ መውጣት ከነከነኝ።

በሁለት ቀን እሑድ ነበር። ከቅዳሴ መልስ አባባ ሁለቱን ጎልማሳ ልጆቻቸውን አስከትለው መጡ። ልጆቹ አባታቸው ፊልም እንዲያዩ ለምን እንደጠሯቸው አልገባቸውም፤ ጫማቸውን በራፍ ላይ እያራገፉ ይተያያሉ። «ያንን የቁማር ቤት አድርጊልን» አሉኝ አባባ። አደረግኩ። ለመተርጎም አፌን ስከፍት ግን በእጃቸው ከለከሉኝ።

«ይሄ ምሽጉ ነው» አሉ ለልጆቻቸው፣ አዳራሹን እያሳዩ። «እነዚህ ጣሊያኖቹ ናቸው። ሴቶቹን ተዉአቸው፣ እነሱ ከነገሩ የሉበትም። ይሄ በር ላይ የቆመው የእምዬ አባት ናቸው። ልብ ብላችሁ እዩ፤ አሁን ይጮኻሉ።»

ፊልሙን አንድም ቃል ሳይሰሙ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረኩት። ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያለውን ሽማግሌ ሳይቀር የምሽጉ አዛዥ አደረጉት፤ ከእኔ ትርጉም የተሻለ ሆነ። እምዬ ከጥግ ተቀምጠው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገዋል፤ የተኙ ይመስላሉ። አባባ የቆሻሻ መኪናው ሲወጣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ሦስት ቀን ሙሉ ይቺ ልጅ በቅርጫት…» ሲሉ፣ ከነጠላው ውስጥ ድምፅ ወጣ፤

«ሳምንት ነው። ሳምንት ሙሉ ነው የተሸከምኩት።»

«ሳምንት ሙሉ» አሉ አባባ ለልጆቻቸው።