በኦቦ ሌታ አልጋ ዙሪያ የተነሳ የባንዲራ ክርክር

አምቦ ውስጥ ኦቦ ሌታን የማያውቅ ሾፌር የለም። በደርግ ጊዜ የጦሩን የውሃ ቦቴ ይነዱ ነበር፤ ከዚያም ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከባኮ በቆሎ ሲያመላልሱ ኖሩ። ካልጠየቋቸው የማይናገሩ፣ ቢጠየቁም አሳጥረው የሚመልሱ ሰው ናቸው። በ1983 ጦሩ ሲበተን ከደሴ በእግራቸው ሲመጡ አንድ ልሙጥ ባንዲራ ይዘው ነበር። የልብስ ሳጥን ውስጥ ከተቱት። ለምን እንዳመጡት የጠየቃቸው የለም፤ ሁሉም የየራሱን ምክንያት ሰጣቸው።

በ2011 ጥቅምት ላይ ሳምባ ምች ጣላቸው። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጥቶ ወደ ቤት ሲመልሳቸው፣ “ልጆቻቸው ለማንኛውም ቅርብ ይሁኑ” አለ። ልጃቸው ቢፍቱ ከምታስተምርበት ከጊንጪ መጣች። ታናሽ ወንድሟ ቀንዓ እዚያው አምቦ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ሁለት ቀን በሰላም አስታመሙ። በሦስተኛው ቀን የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ በድሉ ሊጠይቁ መጡና ከአልጋው ግርጌ ተቀመጡ።

“የማይቀረው ከመጣ” አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “የሬሳ ሳጥኑ ምን እንደሚለብስ ከአሁኑ ብንነጋገር ጥሩ ነው። ዘንድሮ ሰዉ ሁሉ በባንዲራ ነው የሚጣላው። ለቅሶ ላይ እንዳናፍር።”

“ምን ንግግር ያስፈልገዋል?” አለች ቢፍቱ። “አባ የራሱ ባንዲራ አለው።”

“ልሙጡን ማለትሽ ነው?” አለ ቀንዓ። “አያቶቻችን መሬታቸውን የተነጠቁት በእሱ ሥር ነው። እኔ የኦሮሞ ትግል ባንዲራውን፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቀዩን አመጣለሁ።”

“አባ ለልሙጡ ደሙን ሰጥቷል።”

“አባ የሰጠው ውሃ ነው። ቦቴ ነበር የሚነዳው።”

ጋሽ በድሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ሕጉ ባለ ኮከቡን ነው የሚለው። እድሩን ማስጠየቅ አልፈልግም።”

በዚህ ጊዜ እህትና ወንድም ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ፤ ባለ ኮከቡን ሁለቱም አልፈለጉትም። የኦቦ ሌታ ባለቤት አደ ቦጋለች ሾርባ ይዘው መሃል ላይ ቆመዋል። “ሰውዬው እኮ ይሰማል” ቢሉም የሰማቸው አልነበረም።

“እንግዲያው ሦስቱንም እናልብስ” አሉ ጋሽ በድሉ።

“ከላይ የሚሆነው የትኛው ነው?” አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

በዚህ ላይ ግማሽ ሰዓት ሄደ። በመጨረሻ ጋሽ በድሉ ሦስቱ ጎን ለጎን ይዘርጉ የሚል ሐሳብ አመጡ። ይበቃ እንደሆነ ለማወቅም ኦቦ ሌታን ከእግራቸው ጀምረው በስንዝር ይለኩ ጀመር።

“በድሉ፣ እግሬን ልቀቅ። ይኮረኩረኛል።”

ጋሽ በድሉ ፍም እንደነካ ሰው እጃቸውን ሰበሰቡ። ኦቦ ሌታ ዓይናቸውን ገልጠው ትራሱን ተደገፉ።

“ጨሊሳ” አሏቸው፤ ዝም በሉ ማለታቸው ነው። “ያንን ባንዲራ ለምን እንዳመጣሁት አንዳችሁም አልጠየቃችሁኝም።”

“ለምን አመጣኸው?” አለ ቀንዓ።

“ብርድ ልብሴን ሰረቁኝ። መጋዘኑ በር ላይ ያገኘሁት ወፍራም ጨርቅ እሱ ብቻ ነው። ወሎ ይበርዳል።” ትንሽ ተነፈሱ። “አንዱ መንደር ለብሼው ሲያዩኝ ጀግና ነህ ብለው ቆሎ ሰጡኝ። የሚቀጥለው መንደር የደርግ ወታደር ነህ ብለው በድንጋይ አባረሩኝ። በመካከሉ ያለው መንገድ የአንድ ሰዓት ነው። ከዚያ ወዲያ ቀን ቀን ደበቅኩት፤ ማታ ማታ ለበስኩት።”

ቢፍቱ ፊቷ ተለዋወጠ። “ብርድ ልብስም ቢሆን ባንዲራ ነው” ብላ የልብስ ሳጥኑን ከፈተች። የተጣጠፈውን ጨርቅ አውጥታ ብትዘረጋው አረንጓዴና ቢጫ ብቻ ሆኖ ተገኘ።

“ቀዩስ?” አለች።

አደ ቦጋለች ሾርባውን አስቀመጡ። “አንደኛ ክፍል ስትገቢ ቀሚስ አልነበረሽም” አሉ።

ቢፍቱ ያንን ቀይ ቀሚስ ለብሳ የተነሳችው ፎቶ ጊንጪ ሳሎኗ ውስጥ ተሰቅሏል። ቀንዓ እየሳቀ አልጋው ላይ ተደፋ።

“አንተ ደግሞ ምን ያስቅሃል?” አሉት እናቱ። “እሷ ስትጨርሰው ለሱሪህ መጣፊያ አድርጌዋለሁ። መቀመጫው ላይ።”

ቀንዓ ሳቁን አቆመ። ኦቦ ሌታ ግን እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ከዚያም ሾርባውን ትተው ገንፎ አዘዙ። በሳምንቱ ከአልጋ ተነሱ። ልጆቹ ስለ ባንዲራ ዛሬም አይስማሙም፤ በስልክ ይከራከራሉ፤ ግን አባታቸው ፊት አያነሱትም።

በወሩ እድሩ ሲሰበሰብ ኦቦ ሌታ ከዘራቸውን ይዘው ሄዱ። ጋሽ በድሉ ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳያነሱ አዲስ ደንብ አነበቡ፦ “ታማሚው በሕይወት እያለ በአልጋው ዙሪያ ስለ ሬሳ ሳጥኑ ልብስ መወያየት ክልክል ነው።”

ከኦቦ ሌታ በቀር ሁሉም እጁን አወጣ።

“ምነው ኦቦ ሌታ?” አሉ ጋሽ በድሉ። “ለእርስዎ ተብሎ እኮ ነው የወጣው።”

“እኔ መቼ ከፋኝ?” አሉ ኦቦ ሌታ። “ከሞትኩ በኋላ ቢከራከሩ ኖሮ ይህ ሁሉ ያመልጠኝ ነበር።”

ጸሐፊው “አንድ ተቃውሞ” ብሎ መዘገበ።