ለሉሴአኔ ሕመም የከፈትነው መቃብር

ምላሴ ረጅም ነው፤ አልክድም። በእኛ በቶንጋ የባል ታላቅ እህት ከተናገረች ተናገረች ነው፤ እኔ ደግሞ ሳልጠየቅም እናገራለሁ። የወንድሜን የቴቪታን ልጅ ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ፣ ያስቀበርኳትም እኔ ነኝ። እናቷ ሉሴአኔ በቀዶ ጥገና ነው የወለደቻት። ሕፃኗ አንድ ቀን እንኳ ሳይሞላት ሞተች፤ ሉሴአኔ ሆስፒታል ራሷን ሳታውቅ ተኝታ ሳለ ቀበርናት። ልጇን አላየቻትም።

በዓመቱ ስፌቱ ጫፍ ላይ የለውዝ ፍሬ የሚያህል እብጠት ወጣባት። የወር አበባዋ በመጣ ቁጥር ያብጣል፣ ይጠዘጥዛታል። አንድ ቀን ከሴቶቹ ጋር ለልብስ የሚሆን የዛፍ ልጥ ስንቀጠቅጥ መዶሻዋን ጥላ ታጠፈች።

«ሥራ ሲበዛ የሚነሳ በሽታ» ብዬ አሳቅሁባት። ምላሴን ይቁረጠውና።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ግን እኔም ፈራሁ። በእኛ አገር ምክንያቱ ያልታወቀ ሕመም ከዘመድ መቃብር ይመጣል ይባላል፤ የዛፍ ሥር የሟቹን አጥንት ሲወጋው ሕያው ዘመዱን ያመዋል። መቃብሩ ይከፈታል፣ ሥሩ ይቆረጣል፣ አጥንቱ በኮኮናት ዘይት ይታሻል።

«የሚያምሽ ልጅቷ የወጣችበት ቦታ ነው። እሷ ናት» አልኳት።

«እትዬ፣ የእናቴን ይክፈቱ፣ የአያቴንም ይክፈቱ። እሷን ብቻ ተዉልኝ።»

«መዳን ካልፈለግሽ እንግዲያው በየወሩ እያቃሰትሽ አታስጨንቂን።»

ቴቪታ አቀረቀረ። ወንድሜ እኔ ፊት ቀና ብሎ አይናገርም።

ቅዳሜ ጠዋት የልጅቷ መቃብር ተቆፈረ። እውነትም ሥር ገብቶበት ነበር። ደስ አለኝ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። የምታሸው እናት ናት ብዬ ዘይቱን እጇ ላይ ያፈሰስኩላትም እኔ ነኝ። እያንዳንዷን ቀጭን አጥንት በየተራ አሸች። በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ተዋት፤ እኔም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ።

በወሩ ብሶ ተመለሰ። ያኔ በጀልባ ወደ ዋና ከተማችን ኑኩአሎፋ ይዣት ሄድኩ። ሐኪሟ እብጠቱን ዳሰሰች፣ በመሣሪያ አየችው።

«ስትወልድ ከማህፀኗ የውስጥ ሽፋን ጥቂት ስፌቱ ላይ ቀርቶ በቅሏል» አለችን። «የወር አበባዋ ሲመጣ እሱም አብሮ ያብጣል። ቀደን እናወጣዋለን። በየወሩ እንደሚያማት ለማንም አልነገረችም?»

ነግራን ነበር። እኔ ነኝ ያልሰማሁ።

እብጠቱ ወጣ። ሁለት ወር አለፈ፣ ሦስት ወር አለፈ፣ አላመማትም። አንድ ቀን ካሳቫ ስትልጥ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እንኳን ዳንሽ። በዚያ በሥሩ ነገር ይቅር በይኝ፤ ተሳስቼ ነው።»

ቢላዋዋን አላስቀመጠችም።

«የሥሩ ነገር ምንም አይደል፣ እትዬ። ልጄን አላየኋትም ነበር። መቃብሯ እስከተከፈተበት ቅዳሜ ድረስ ግን፣ ዓይኔን ስጨፍን ፊት ነበራት።»