አጋዘን ሊያሳይ የተሳፈረ አባት

ከሮቤ ወደ አዳባ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጠው ሰው ሁለት ልጆቹን በመስኮቱ በኩል አድርጎ መስታወቱን በእጅጌው ደጋግሞ ይወለውላል። ኮቱ አርጅቷል፤ ግን በጥንቃቄ ተተኩሷል። አዳባ የሚጠይቀው ዘመድ የለውም። ለረዳቱ እንደነገረው፣ ልጆቹ በመንገድ ዳር አራዊት አይተው በዚያው መኪና ይመለሳሉ።

«እናታችሁ ስትጠይቃችሁ እንደ ባለፈው ቅዳሜ ‹ምንም አላየንም› ካላችሁ፣ ሁለተኛ ከእኔ ጋር አትልካችሁም!» ይላል በየደቂቃው።

ዲንሾን እንዳለፍን አራት የደጋ አጋዘኖች ከመንገዱ ዳር ቆመው ታዩ።

«ኢላሊ፣ ተመልከቺ! ሰቢሪና፣ ቀንዱን እዪው! ፈረንጅ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣው ይህን ለማየት ነው!»

ልጆቹ አልዞሩም። አባታቸው አጠገብ ከተቀመጡት አሮጊት ዘንቢል ውስጥ አንዲት ቀይ ዶሮ አንገቷን አውጥታለች፤ እነሱ እሷን በጣታቸው ይነካካሉ።

«ዋላሂ፣ ዶሮማ ጎረቤትም ሞልቷል!» ብሎ ጭንቅላቱን ያዘ። አጋዘኖቹ ወደ ኋላ ቀሩ።

«አባዬ፣ ነካኋት እኮ! የሚቀጥለው ቅዳሜም እንመጣለን?» አለችው ልጅቷ።

ሰውየው ወደ አሮጊቷ ዞረ።

«አዴ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በስንት ሰዓት ነው የሚሳፈሩት?»