ሊቀመንበሩ የተሸከሙት ድንጋይ

ትናንት ከሰዓት በኋላ ከቢሮ ወጥቼ በደብረ ታቦር ዋና መንገድ ስወርድ፣ ጣሪያዋ ላይ ድምፅ ማጉያ የታሰረባት ባጃጅ በአጠገቤ አለፈች። «የቀበሌያችን ነዋሪዎች በሙሉ» ትልና ድምፅዋ ይቆራረጣል፤ «ስብሰባ» ትልና ጆሮ እስኪበሳ ትጮኻለች። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር፤ እርጥብ አፈርና የተቃጠለ ናፍጣ አንድ ላይ ይሸታል። ሰው ሁሉ በየሥራው ላይ ነው፣ ቀና ብሎ ያያት የለም። እኔ ግን መሐል መንገድ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ያለ ድምፅ ማጉያ አንድ ተራራ ሙሉ ሰው የሚሰበስቡ ሰው አውቅ ነበራ!

ይኸውላችሁ፣ እኒያ ሰው አባቴ ናቸው። ከጉና ግርጌ፣ ገብስና ድንች እንጂ ሌላ እህል እምብዛም በማይደፍረው ብርድ አገር፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበሩ። ሰው መጥራት ሲፈልጉ ከቤታችን በላይ ካለው ጉብታ ይወጡና እጃቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ይላሉ። ድምፃቸው ሸለቆውን ተሻግሮ ከማዶው ገደል ተመልሶ ሲመጣ፣ ሁለት አባት ያለኝ ይመስለኝ ነበር።

መልአክ ነበሩ ብዬ አልዋሻችሁም። ሹመት ይወዱ ነበር። ጠመንጃቸውን ትከሻቸው ላይ ሳያንጠለጥሉ ከደጅ አይወጡም፤ ለእርከን ሥራ ሳይወጣ የቀረ ሰው ካገኙ ደግሞ ቁጣቸው ለሰፈር ይተርፋል። ቢሆንም ሽማግሌዎች ሳይቀመጡ ሲቀመጡ አላየሁም። ከወረዳ «በስብሰባ ላይ ሴቶች ከፊት ይቀመጡ» የሚል ትእዛዝ የወረደ ጊዜ፣ ወንዶቹ «እንግዲህ ከሻሽ በቀር የሚታየን የለም» እያሉ ሲያጉረመርሙ፣ አባቴ ፈገግ ብለው «ሻሹንም ልብ ብላችሁ እዩት፤ የሚናገር ነው» ብለዋቸው ነበር። እናቴ ግን ለወር ያህል ከፊት ተቀምጣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ነበር የምትውለው።

አባቴ አንድ ወዳጅ ነበራቸው። ቤታቸው ከጅረቱ ማዶ፣ ከኛ ጉብታ ፊት ለፊት ነው። በልጅነታቸው አብረው ፊደል ቆጥረዋል፤ ጎጆ ሲወጡ ሁለቱም አንዳንድ በሬ ብቻ ስለነበራቸው ተቀናጅተው እያረሱ ነው ኑሮ የጀመሩት። በመላው ቀበሌ ሊቀመንበሩን «አንተ» ብሎ የሚጠራ እሳቸው ብቻ ነበሩ። እኔ ገና ጡት ሳልጥል፣ በአንድ የክርስትና ድግስ ላይ ወዳጃቸው «ልጅህን ለልጄ» አሉ፤ አባቴም «ሰጥቻለሁ» አሉ። ነገሩ በዚሁ አለቀ።

ስድስተኛ ክፍል ስደርስ ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። ልጁን ገበያ ላይ አይቼዋለሁ፤ ዓይኑን ከመሬት የማያነሳ፣ አዲስ ባርኔጣው የሚያሳፍረው የሚመስል ጉብል ነበር። ክፉ ልጅ አልነበረም። ችግሩ እኔ የምፈልገው ባል ሳይሆን ሰባተኛ ክፍል መሆኑ ነው። ይህን ግን ለማን ይነግሩታል? ቤታችን ብቅል ብቅል ይሸት ጀመር። እናቴ ለጠላው ገብስ አርጥባ በቅጠል ሸፍናለች፤ ያ ጣፋጭና ኮምጣጣ ሽታ በልብሴም በደብተሬም ውስጥ ገብቶ ክፍል ውስጥ ይከተለኝ ነበር። አጠገቤ የምትቀመጠዋ ልጅ እያሸተተች «ደረሰልሽ» ትለኛለች።

ሕጉ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። አባቴ ለስብሰባ ደብረ ታቦር ተጠርተው ሄደው ሲመለሱ እህል አልቀመሱም። ሴት ልጅ አሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላት እንዳትዳር ተብሏል፤ ይህንንም ሊቀመንበሩ ለሕዝቡ ያስረዳል፣ ያስከብራልም። የልደት ወረቀት የሚባል ነገር በአገራችን ስላልነበረ የልጅቱን ዕድሜ የሚመሰክረውም ያው ሊቀመንበር ነው። አባቴ «ሞልቷታል» ካሉ ሞልቷታል ማለት ነው። እንግዲህ ሥልጣን ማለት ይህ አይደለም ትላላችሁ?

በማግስቱ ጠዋት ወዳጃቸው መጡ። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ።

«ታዲያ ምን አስጨነቀህ?» አሉ እየሳቁ። «መስካሪው አንተ፤ ማን ይጠይቅሃል?»

አባቴ «የሚጠይቀኝ መጥፋቱ ነው ያስጨነቀኝ» አሏቸው።

ወዳጃቸው እንደ ቀልድ ቆጥረውት ሄዱ። እናቴ ብቅሉን እያገላበጠች ቀና ሳትል «እኔን የወተት ጥርሴን ጥዬ ሳልጨርስ ሲድሩኝ ሕጉ የት ነበር?» አለች። ቁጣ አልነበረበትም፤ የጠፋ ዕቃ እንደምትጠይቅ ሆና ነው ያለችው። እኔ ግን ያን ጊዜ እናቴ ላይ ተጠምጥሜ ማልቀስ ነበር ያማረኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ ካለው ጽድ ሥር ተሰበሰበ። አባቴ ሕጉን አንድ በአንድ ተናገሩ። ሰዉ ተጉረመረመ፤ «የአያት የቅድመ አያት ወግ» የሚል ድምፅ ከወዲያም ከወዲህም ተሰማ። ያን ጊዜ ከፊት ከተቀመጡት ሴቶች አንዲት ባልቴት ተነሡ። ምላሳቸውን ቄሱም ሳይቀሩ የሚፈሩት ሴት ናቸው።

«ሊቀመንበር፣ ጥያቄ አለኝ» አሉ። «የኛ ልጆች በሕግ፣ ያንቱ ልጅ በጠላ ነው እንዴ? ብቅሉ እኮ እኔ ቤት ድረስ ይሸተኛል።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ወዳጃቸው ከሁለተኛው ረድፍ ዱላቸውን ተደግፈው አባቴን ያያሉ። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይባላል አገራችን። አባቴ ራሳቸው በዚህ ተረት ስንት ቃል አባይ ገሥጸዋል። አሁን የወለዷት ልጅ ከእናቷ ጀርባ ተሸጉጣለች፣ ቃል የሰጧቸው ወዳጅ ደግሞ ከፊታቸው ተቀምጠዋል። ከሁለት አንዳችን መጥፋታችን ነው። አባቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ያሻሹ ጀመር።

«የኔም ልጅ ትማራለች» አሉ።

ያ ተራራ የሚያናውጥ ድምፅ ጠፍቶ በሹክሹክታ ነው ያሉት። ከኋላ «ምን አሉ? ምን አሉ?» ሆነ። ባልቴቲቱ ዞር ብለው «ትማራለች ነው የሚሉት! ጆሮህን አትጠርግም!» ብለው ጮኹ። ወዳጃቸው ቀስ ብለው ተነሡ። በጉባኤ መካከል ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ማንንም ሳይሰናበቱ ቁልቁለቱን ወረዱ። እኔ በደስታ የእናቴን ነጠላ ጨበጥኩ፤ የአባቴን ፊት ሳየው ግን ደስታው አፌ ውስጥ መረረኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ከባድ ነበር። የወዳጃቸው ዘመዶች «ልጅቷን ከትምህርት ቤት መንገድ ላይ እንጠልፋታለን» ማለታቸው ተሰማ። እናቴ በየጠዋቱ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ትሸኘኛለች። የቀበሌው ሚሊሻ ጠመንጃውን ወልውሎ መጣና «ይዘዙኝ ጋሼ፣ ሁሉንም ጠፍሬ ላምጣልዎ» አላቸው። ያኔ አባቴ ያሉትን እስከ ዛሬ በቃሌ እወጣዋለሁ።

«በሕጉ እኔ ልክ ነኝ። በቃሌ ግን በዳይ ነኝ። በዳይ ተበዳዩን አያስርም።»

በሚካኤል ዕለት ጠመንጃቸውን ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። ጫማቸውን አወለቁ። ከአጥራችን ሥር ድንጋይ ሲመርጡ እናቴ «አነስ ያለውን ቢይዙት ምናለ?» አለቻቸው፤ «የበደልኩት ትንሽ አይደለም» አሉና ትልቁን አነሡ። በአገራችን በዳይ ይቅርታ ሲለምን ድንጋይ ተሸክሞ ተበዳዩ ደጅ ይቆማል፤ ድንጋዩን ከጫንቃው የሚያወርድለት ይቅር ያለው ሰው ነው። ነፍስ ያጠፋ ወይም የሰው ደም ያፈሰሰ ሲሸከም አይቼ አውቃለሁ። ሕግ ያከበረ ሊቀመንበር ሲሸከም ግን ያየ ሰው አልነበረም። ሚሊሻው «አብሬዎት ልሂድ» ቢላቸው «መንግሥት ሆኜ አይደለም የምሄደው» ብለው መለሱት።

የነፍስ አባታችን ቄስ መስቀላቸውን ይዘው ከፊት፣ አባቴ ጎንበስ ብለው ከኋላ፣ ጅረቱን ተሻገሩ። እኔና እናቴ ከጉብታው ላይ ሆነን እናያለን። ቄሱ ከደጁ ቆመው «ስለ እግዚአብሔር! ስለ ማርያም!» አሉ። የወጣ የለም። ደገሙ፤ አሁንም የለም። ከቅዳሴ የሚመለሰው ሰው እየቆመ መንገዱ ሞላ። አባቴ ለእርከን ሥራ ሲያመናጭቋቸው የከረሙ ሰዎችም አሉበት፤ አንድም የሳቀ አልነበረም። ከዚያ ጉና ደመናውን አራገፈብን። መጀመሪያ ቅዝቃዜው መጣ፣ ቀጥሎ በረዶው። ሰዉ ወደ ዛፍ ጥላ ሮጠ፣ ቄሱም ጥግ ያዙ። አባቴ ግን ከቆሙበት አልተነቃነቁም። በረዶው ድንጋዩ ላይ እየነጠረ ጋቢያቸው ላይ ሲከመር ከዚያ ማዶ ሆኖ ይታየኛል። እናቴ «ያቡዬ አምላክ፣ ወይ እሱን አውጣው ወይ እኔን ውሰደኝ» እያለች ክንዴን ጨምድዳ ይዛኛለች።

በመጨረሻ በሩ ተከፈተ። ወዳጃቸው ባዶ ራሳቸውን በበረዶው ውስጥ ወጡና ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አወረዱት። አባቴ ጉልበታቸው ላይ ወደቁ። ከማዶ ያለው ሰው ሁሉ እልል አለ፤ እናቴም እያለቀሰች እልል አለች። እኔ ሁሉም ነገር እንደ ድሮው የሚሆን መስሎኝ ነበር።

አባቴ ቤት ገብተው እሳት ዳር ሲቀመጡ ጣቶቻቸው አይታጠፉም ነበር። እናቴ እጃቸውን እያሸች «እሰይ፣ ይቅር አለ አይደል?» አለቻቸው።

«ይቅር ብዬዎታለሁ አለኝ» አሉ አባቴ፤ ከእሳቱ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ። «አንቱ አለኝ።»

ከዚያ ወዲህ ማንም መንገድ ላይ አልተናገረኝም። የሠርጌ ብቅል ለሚቀጥለው ማኅበር ጠላ ሆነ፤ ባልቴቲቱ ጠጥተው «ሕግ ይጣፍጣል» ብለው አሳቁን። በዚያ ጥር ከቀበሌያችን የሠርግ ከበሮ እምብዛም አልተሰማም። አንዳንዱ ተደብቆ ሌላ ቀበሌ ወስዶ ድሯል፣ አልክድም። ግን አባቴ ፊት መጥቶ «ሞልቷታል ብለው ይመስክሩልኝ» የሚል ሰው ጠፋ። ማን ይደፍራል?

አሁን እኔ የድንች ዘር ባለሙያ ነኝ፤ ከስብሰባ ስብሰባ መዞር የሥራዬ ግማሽ ነው። ሹማምንቱ መድረክ ላይ ወጥተው ሲናገሩ እኔ የማየው ትከሻቸውን ነው። ድንጋይ ይችል ይሆን? እላለሁ በልቤ። አንዳንዱ የሚችል ይመስለኛል፤ የብዙው ግን ለኮት እንጂ ለሌላ የተሠራ አይመስልም። አባቴና ወዳጃቸው ዛሬ ሁለቱም በሕይወት የሉም። በአንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነው ያረፉት። በሕይወት ሳሉ ግን ከዚያ የበረዶ ቀን በኋላ ተቀናጅተው አላረሱም፤ አባቴም ወደ ገበያ ሲወርዱ በወዳጃቸው ደጅ ላለማለፍ ዙሪያውን ይሄዱ ነበር።

ዘጠነኛ ክፍል ለመማር ወደ ደብረ ታቦር የወረድኩ ጠዋት ግን ዙሪያውን መሄድ አልተቻለም። ክረምቱ ገና አልወጣም፣ ጅረቱ ሞልቶ መሻገሪያው በወዳጃቸው ደጅ ብቻ ነበር። አባቴ ስንቄን ተሸክመዋል፤ እኔ መጽሐፎቼን ታቅፌያለሁ። ወዳጃቸው ከአጥራቸው ሥር ቆመው ጭጋጉን ያያሉ።

«እንደምን አደሩ» አሉ አባቴ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንደምን አደሩ» አሉ እሳቸውም።

አለፍን። ጥቂት እንደተራመድን ወዳጃቸው «ልጄ፣ ነይ እስቲ» ብለው ጠሩኝ። ፈርቼ አባቴን አየኋቸው፤ በአገጫቸው «ሂጂ» አሉኝ። ተመልሼ ጉልበታቸውን ልስም ስል ቀና አድርገው ያዙኝና መዳፋቸውን ራሴ ላይ ጫኑት። እጃቸው ከባድና ሞቃት ነበር፤ ትኩስ ገብስ ይሸታል።

«አባትሽ እኔን ሰጥቶ ነው አንቺን ያስቀረ» አሉኝ፤ አባቴ እንዲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «እንግዲህ ከኔ አንሰሽ እንዳትገኚ።»

ራሴን ነቀነቅሁ። ስመለስ አባቴ ፊታቸውን አዙረው መንገድ ጀምረው ነበር። የጋቢያቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ይዘው፣ ስንቁን ካንደኛው ትከሻ ወደ ሌላው እያዘዋወሩ ከፊት ከፊቴ ሄዱ። እኔም መጽሐፎቼን ታቅፌ እስከ አስፋልቱ ድረስ ተከተልኳቸው።