ፈትሂያ፣ ምንጣፉና ቁልፉ

ፈትሂያ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከቶጎ ውጫሌ ወደ ድሬዳዋ ጨርቅ ስታመላልስ የኖረች ሴት ናት። ፍተሻ ሲመጣ ከመኪና ወርዳ፣ ቦንዳውን በጀርባዋ ተሸክማ፣ ጢሻ ለጢሻ በእግሯ ታቋርጥ ነበር። ልጆቿን ያሳደገው እግሯ ነው ቢባል ውሸት የለውም። ዛሬ ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ሀርጌሳ፣ ኮድቡር ሰፈር ውስጥ፣ ልጇ ኢዘዲን በተከራየው ቤት በር ተቆልፎባት ትውላለች። ጉድ እኮ ነው!

የቆለፈባት በክፋት አይደለም፤ ከክፋትማ ማምለጥ ይቻል ነበር። አምና መስጊድ ስትሄድ ድንጋይ አደናቅፏት መንገድ ላይ ወደቀች። ጉልበቷ ተላጠ እንጂ ሌላ ምንም አልሆነች፤ ኢዘዲን ግን በድንጋጤ በቁሙ ሞተ። መንገዱ ድንጋይ ነው፣ ባጃጁ ሰው አያይም፣ ዓይንሽም ደክሟል አለና፣ የግቢውን በር ከውጭ በጓጉንቸር እየቆለፈ ቁልፉን ወደ ሱቁ ይዞት መሄድ ጀመረ። ቤቱንም ለእናቴ ክብር ብሎ ምንጣፍ በምንጣፍ ላይ ደራረበበት።

እግር ደግሞ ካልሄዱበት ይሰንፋል። ከአልጋ ሶፋ፣ ከሶፋ አልጋ ስትል፣ ያ ጢሻ የሚያቋርጥ እግር በስድስት ወር ይንቀጠቀጥ ጀመር። የደም ግፊት ክኒኗን ውጣ ብድግ ስትልም ዓይኗን ያጥበረብራታል። ለኢዘዲን ትንፍሽ አላለችም፤ ብትነግረው ግቢው ውስጥ ፀሐይ መሞቁንም ይከለክላታላ!

አንድ ማክሰኞ ለቀትሩ የዙህር ሶላት ታጥባ፣ ውዱእ አድርጋ፣ እግሯ እንደረጠበ ስትገባ የላይኛው ምንጣፍ ከሥሯ ሸሸ። ወደቀች። ስልኳ ወዲያ ማዶ ሶፋው ላይ ነው። ጎረቤቷ አስሊ፣ ድሬዳዋ በስደት ያደገች፣ አማርኛዋ የማይታማ የሶማሌ ሴት ናት፤ እንደ ወትሮዋ በበሩ ቀዳዳ ልታጫውታት ስትመጣ ሲቃዋን ሰማች። በሩን ብትገፋው ብረት ነው። ለኢዘዲን ደወለች። እሱ እስኪደርስ አንዷ ከውስጥ አንዷ ከውጭ አርባ ደቂቃ አለቀሱ።

የእጇ አንጓ ተሰብሮ ነበር። ሐኪሙ ኢዘዲንን ለብቻው ይዞ፣ ምንጣፉን አንሳ፣ መታጠቢያው ጋ መያዣ ብረት አስገጥም፣ ክኒኑን እኔ አየዋለሁ፣ ደግሞ በየቀኑ ትራመድ አለው። ያቺ የመጨረሻዋ ቃል ፈትሂያም ጆሮ ደረሰች። ቤት ሲገቡ ቁልፉን ለአስሊ ስጣት፣ ታንሸራሽረኝ ብላ ለመነችው፤ ሰው ለምና የማታውቅ ሴት! ኢዘዲን እሺ እማዬ አለና ግንባሯን ሳማት።

በማግስቱ ምንጣፉ ተጠቅልሎ ወጣ፤ ብረቱም ተገጠመ። ፈትሂያ ሻሿን አስራ፣ ከዘራዋን ይዛ፣ የግቢው በር ሥር ቆማ ጠበቀች። አስሊ መጣች። ቁልፉ እጇ ውስጥ ሲቅጨለጨል ይሰማል፤ በሩ ግን አልተከፈተም።

ፈትሂያ ምን ትጠብቂያለሽ አለቻት።

"አዴ ፈትሂያ፣ ወላሂ ኢዘዲን አስምሎኛል" አለች አስሊ። "ከወደቀች ብቻ ክፈቺ ነው ያለኝ።"

ፈትሂያን ሳቋም እንባዋም እኩል መጡባት። ለሰባ ሦስት ዓመት ሴት ይህን ማለት! ከዘራዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። ደህናውን እጇን በሩ አጠገብ ባለው የውሃ በርሜል ላይ ጥላ፣ ቀስ ብላ፣ በጣም ቀስ ብላ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠች።

"አስሊ" አለች። "ወድቄያለሁ። ክፈቺ።"