የጃለኔ እግርና የጃለኔ ድንች

ጃለኔ ተቀምጣ አታውቅም ቢባል ማጋነን ነው፤ ትቀመጣለች። ስትቀመጥ ግን ቀኝ እግሯ አብሯት አይቀመጥም። ከጠረጴዛው ሥር ይንቀጠቀጣል፣ ብርጭቆው ይንጫጫል፣ አጠገቧ ያለ ሰው "ኧረ በማርያም፣ ጠረጴዛውን ተይው!" ይላል። ልዩ የምትባለው ልጇ ሕፃን ሳለች መላ አግኝታለት ነበር። ትንሿን እግሯን በእናቷ እግር ላይ ታደርግና ተጭናው "እማ፣ አሁን ተኛ" ትለው ነበር። እውነትም ለትንሽ ጊዜ ዝም ይላል።

ጃለኔ የተወለደችው ካቺሲ ነው። ካቺሲ ጠበበኝ ብላ ጉደር ወረደች። ጉደር ሞቀኝ ብላ አምቦ ገባች። አምቦ ወሬ በዛ ብላ አዲስ ዓለም፣ አዲስ ዓለም አቧራ በዛ ብላ ጊንጪ። ከጊንጪ ለምን እንደወጣች እንኳ እሷም አታውቀውም። በሄደችበት ሁሉ ወጥ ቤት ትቀጠራለች፣ ቤት ትከራያለች፣ "አሁንስ አረፍኩ" ብላ አልጋ ትገዛለች። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ሻንጣዋን ታነሳና አልጋውን ለጎረቤት ትታ ልጇን እየጎተተች መኪና ላይ ትወጣለች። በምዕራብ ሸዋ የጃለኔን አልጋ ያልወረሰ ጎረቤት ካለ ዕድለ ቢስ ነው። የልዩ አባት፣ ጅሩ የሚባለው፣ ሾፌር ነበር፤ እሷን ቀድሞ የሄደ ሰው ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

ዞራ ዞራ አምቦ ተመለሰችና ኦቦ ጋሮማ ምግብ ቤት ገባች። ኦቦ ጋሮማ ሽማግሌ ነው፣ ቀስ ብሎ ይናገራል፣ ቀስ ብሎ ይቆጣል። ሚስቱ እትዬ አረጋሽ ልዩን ገና ስታያት ወደደቻት። እናትና ልጅ ከጓሮ አንድ ክፍል ተሰጣቸው። ጃለኔ እዚያ ቤት ከሁሉም ቦታ ይልቅ ቆየች፤ ያቆያት ደግሞ ድንች ነው ብትባሉ ትስቁ ይሆናል።

ሳቁ እንጂ፣ ያን ድንች አልበላችሁ! ጃለኔ የጀልዱ ድንች መርጣ ትልጣለች፣ ወፈር ወፈር አድርጋ ትቆርጣለች፣ ጫፉ መፈርፈር እስኪጀምር ትቀቅላለች። ውሃውን ታጠልልና ድስቱን ከድና በሁለት እጇ ይዛ ትንጠዋለች፤ ድንቹ እርስ በርሱ ተላግቶ ላዩ ይሻክራል። ከዚያ ዘይቱ በኦቭኑ ትሪ ላይ እስኪጮህ ታግልና ትገለብጠዋለች። ነጭ ሽንኩርትና የጥብስ ቅጠል ወደ ማብቂያው ነው፤ ቀድሞ ከገባ ያራል። ሲወጣ ላዩ ወርቅ መስሎ ኩርሽም ኩርሽም ይላል፣ ውስጡ ግን እንደ ገንፎ ይለሰልሳል። ሰው ከጥብስ ጎን ይምጣ ብሎ ያዝዝና ጥብሱን ረስቶ እሱን ይለቅማል። ከጉደር ድረስ "የጃለኔ ድንች" ብለው የሚመጡ ነበሩ።

ምስጢሩን ሲጠይቋት መዳፏን ዘርግታ "እጄ ነው!" ትላለች። እሷም ታምነዋለች።

አንድ የማይነገር ነገር ግን ነበር። በአምቦ ቧንቧው ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይጠፋል። ስለዚህ ለድንች መቀቀያና ለዕቃ ማጠቢያ ከከተማው ዳር ካለው ሆራ በሰማያዊ ጀሪካን ውሃ ይቀዳል። ሆራ ማለት ከብት ጨው ሲያምረው የሚነዳበት ምንጭ ነው፤ ከመሬት እየተፍለቀለቀ የሚወጣ፣ ምላስ የሚነክስ ውሃ። ይኼ ለደንበኛ አይነገርም። "የከብት ውሃ አበሉን" ቢባል ማን ይመልሰዋል? ጃለኔም ጀሪካኑን ከበሩ ኋላ በማዳበሪያ ሸፍና ታስቀምጠው ነበር። ስትሸፍነው ስትሸፍነው፣ በየቀኑ እየቀዳችበት እንኳ ጭራሽ ልብ የማትለው ሆነ።

ጠቡ የመጣው በአንድ ቃል ነው። ኦቦ ጋሮማ ለእንግዶች ሲያስተዋውቅ "ይኼ የቤቴ ድንች ነው" አለ። ክፉ አላሰበም። እሷ ግን ትሪውን እንደያዘች ቱግ አለች።

"የቤትዎ? የእጄ ነው እንጂ! እስቲ ያለ እኔ ጥበሱት!"

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ" አላት ሽማግሌው በኦሮምኛም በአማርኛም፣ "ምን ያጣድፍሻል?"

ምን ያጣድፋታል! እግሯ ከበላት ቆይቶ ነበር፤ ሰበብ ብቻ ነው ያጣችው። ያን ሰሞን ሐሮ ወንጪ፣ ከወንጪ ሐይቅ ዳር፣ አዲስ ሎጅ ይከፈት ነበር። ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ሰሎሜ አምቦ ላይ ድንቹን በልታ "መቼም እንዲህ ያለ እጅ አላየሁም፣ ነይልኝ" ብላታለች። ደሞዙ ደህና ነው፤ መኖሪያ ደግሞ ከሐይቁ ፊት ለፊት፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ ክፍል። ጃለኔ ትሪዋን፣ ቢላዋዋንና ሙቀጫዋን ጠቅልላ ተነሳች።

ልዩ ግን "ትምህርቴን አላቋርጥም" አለች። ስምንተኛ ክፍል ነበረች፣ ሚኒስትሪ ትፈተናለች።

"እሺ፣ ፈተናሽን ጨርሺ። እኔ ሥራው ይጽናልኝ እንጂ ክፍላችንን አሰናድቼ እወስድሻለሁ። እስከዚያ በየእሑዱ እመጣለሁ።"

እትዬ አረጋሽ የልዩን ትከሻ አቅፋ በሩ ላይ ቆመች፣ ሚኒባሱም ሄደ።

ወንጪ ደጋ ነው። ጠዋት ጭጋጉ ሐይቁን ሸፍኖት ይውላል፣ ጣት ይቆረጥማል። ጃለኔ ግን ደስ አላት፤ አዲስ ቦታ መጀመሪያ ላይ ሁልጊዜ ደስ ይላታል። ክፍሏን ጠረገች፣ ለልዩ አልጋ ገዛች፣ በላዩ ቀይ ብርድ ልብስ አነጠፈች። ከዚያ ከድንጋይ ሥር እንደ መስታወት ጠርቶ በሚወጣው ውሃ ድንቿን ቀቀለች፣ ናጠች፣ ኦቭን ውስጥ ከተተች።

የወጣው ሌላ ነገር ነው። ላዩ እንደ ቆዳ ተለጥጦ፣ ጥርስ ሲገባበት የሚሳብ። ወይዘሮ ሰሎሜ አንዱን አኝካ አኝካ ዋጠችና "መጥፎ አይደለም፤ አምቦ የበላሁት ግን ይኼ አይደለም" አለች።

"ድንቹ ነው!" አለች ጃለኔ። ከጀልዱ አስመጣች፤ ያው ሆነ። ዘይቱ ነው አለች፤ ዘይት ቀየረች። ኦቭኑ ነው፣ ብርዱ ነው፣ የኦቭኑ በር አይገጥምም። ጨርቅ ወተፈችበት። የጥብስ ቅጠሉን ጨመረች፣ ቀነሰች። ወጥ ቤት ውስጥ የሚገባ ሰው ሁሉ ዓይኑ ያስጠረጥራት ጀመር፣ "ቡዳ በልቶኛል" ማለት ቀራት። ቁጭ ስትል እግሯ ወለሉን ይደበድባል፤ ከጎን ክፍል ያለችው አስተናጋጅ መዶሻ መስሏት መጥታ አየቻት። እሑድ መጣ፣ "ድንቹን ላስተካክልና" አለች። ሌላም እሑድ መጣ። አምቦ ሳትወርድ ሁለት ወር አለፈ፣ ልዩም ፈተናዋን ጨረሰች።

ከዚያ ወይዘሮ ሰሎሜ ጠራቻት። ክፉ ሴት አይደለችም፣ ዓይኗን እየሰበረች ነው የተናገረችው። "ቅዳሜ የምረቃው ምሳ ነው፣ እንግዶቹ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። አንቺን ያመጣሁሽ ስለዚያ ድንች ነው። ቅዳሜ ካልወጣ ሌላ ሰው መፈለጌ ነው፤ አትቀየሚኝ።"

ጃለኔ ወጥታ ለልጇ ደወለች።

"ሄሎ እማ፣ ሥራ ላይ ነኝ።"

"የምን ሥራ?"

"ድንች እየጠበስኩ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ እኔ ነኝ የምጠብስላቸው፣ አልነገሩሽም?"

"ሰዉስ ምን ይላል?"

"ይበላል።"

"ይኮረሸማል ወይ?"

"ይኮረሸማል" አለች ልዩ። "እኔም ደህና ነኝ፣ እማ።" ዘጋችው።

ወይ መቃጠል! እኔስ ሳስበው፣ ያን ጊዜ ጃለኔን ያቃጠላት ልጇ ሳትጠየቅ "ደህና ነኝ" ማለቷ መሆን ነበረበት። እሷን ያቃጠላት ግን ድንቹ ነው። በእጇ የምትምልበት ነገር እንዴት ሌላ እጅ ላይ ይወጣል? በማግስቱ ዓርብ፣ ምሳ ሳትቀምስ፣ አምቦ በሚወርደው የነጋሳ ሚኒባስ ተሳፈረች። ነጋሳ ሾፌሩ ያውቃታል። "እንኳን ደስ አለሽ፣ ልጅሽን ልታመጪ ነው?" አላት። "አዎ፣ እሱም አለ" አለች፣ ለራሷም ጆሮ ደስ ሳይላት። መንገዱን ሙሉ እግሯ የፊተኛውን ወንበር ሲደበድብ ሄደ።

አምቦ ስትደርስ ቤቱ ሙሉ ነው። ዓርብ ነውና ሰዉ በየዓይነቱ አዝዞ ከጎኑ ድንቹን ይለቅማል። ኩርሽም ኩርሽም ሲል በሩ ላይ ሆና ሰማችው። ኦቦ ጋሮማ ከመደርደሪያው ኋላ ቀና ብሎ አያት፤ "አካም ጅርታ፣ ጃለኔ?" አለ። እሷ ግን ሰላምታውን አልፋ ቀጥ ብላ ወጥ ቤት ገባች።

ልዩ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ረዝማለች። የእናቷን የድሮ ሽርጥ አገልድማ ማዳበሪያውን ገለጥ አደረገች፣ ሰማያዊውን ጀሪካን በሁለት እጇ አነሳችና የተላጠው ድንች ላይ አንቆረቆረችው። ውሃው ድስቱ ውስጥ ቸስ እያለ ተፍለቀለቀ።

ጃለኔ ግንቡን ያዘች። "የሆራው ውሃ!" አለች። "አንቺ ጉድ! የሆራው ውሃ ነው!" ትስቅ ጀመር፣ ሳቋ መሐል ላይ ተቆረጠ። ትሪውን ተሸክማ፣ ቢላዋውን ተሸክማ፣ ሙቀጫውን እንኳ ተሸክማ ሄዳ፣ ያፈረችበትን ነገር ብቻ ትታው ሄዳ! ስንቱን ሰው በመዳፏ ስትሸነግል ኖራለች፤ ምስጢሩ ግን ከበሩ ኋላ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ወዲያው እግሯ ነቃ። ባዶ ጀሪካን ከጥግ አነሳችና "ሌላ የተቀዳ አለ? ነጋሳ አሁን ይመለሳል፣ ቶሎ በይ!" አለች።

ልዩ እጇን በሽርጡ ጠረገች። "ለውሃው ነው የመጣሽው?"

"ልወስድሽ ነው እንጂ! ነገ ድንቹ ከወጣ ሥራው ጸና፣ ክፍሉ የእኛ ነው። ሐይቁ ይታያል። አልጋ ገዝቼልሻለሁ፣ ቀይ ብርድ ልብስ አንጥፌ..."

"ጊንጪም ገዝተሽልኝ ነበር።"

"እሱማ..."

"አዲስ ዓለም የገዛሽውን አንድ ሳምንት ነው የተኛሁበት።" ልዩ ድምፅዋን አላነሳችም፣ እሱ ነው የባሰው። "እማ፣ ከወንጪ ቀጥሎ የት ነው? ንገሪኝና እሱን አልጋ እጠብቃለሁ። ካልሆነ እኔ እዚሁ እትዬ አረጋሽ ጋ እቀራለሁ። በየእሑዱ በሩ ላይ መቆም ደከመኝ።"

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ጃለኔ ተረቱን ስንቴ ለሰው ተርታዋለች፤ የሚፈታው ነገር ልጇ ሊሆን ይችላል ብላ ግን አላሰበችም። ልጇ በሩ ላይ መቆሟን አላወቀችም ነበር። የሁለት ወር እሑድ ተደራርቦ ደረቷ ላይ ተቀመጠ። ውጭ የነጋሳ ረዳት "ወንጪ! ወንጪ!" ይላል።

ጀሪካኑን ከተቀዳው ሞላች፤ ጥቂቱ ጫማዋ ላይ ፈሰሰ። ልዩ ዞር ብላ የቀረውን ድንች መላጥ ጀመረች፣ የእናቷን መሄድ ላለማየት። ጃለኔ ጀሪካኑን ተሸክማ ወጣች፣ ሚኒባሱ ላይ ጫነችው፣ "ነጋሳ፣ ለወይዘሮ ሰሎሜ በእጇ አድርስልኝ" አለች። ረዳቱ "ግቢ እንጂ!" እያለ በሩን ይዞላታል። እሷ ስልኳን አወጣች።

"ወይዘሮ ሰሎሜ፣ እጄ አይደለም" አለች። መንገድ ላይ፣ በሰው ፊት ነው። "ውሃው ነው፤ ላዩን የሚያሻክረው እሱ ነው። የሆራ ውሃ፣ ከብት የሚጠጣው። አሁን እየመጣልዎ ነው፤ ድንቹን በሱ ይቀቅሉት፣ አጥልለው ይናጡት፣ ይወጣል። የማንም እጅ ያወጣዋል።"

"አንቺስ? ነገ ጠዋት አትደርሺም?"

"እኔ ልጄ ጋ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቀዩን ብርድ ልብስ ለአስተናጋጇ ይስጡልኝ።"

ሚኒባሱ ሄደ። እግሯ ሁለት እርምጃ ተከትሎት ቆመ።

ኦቦ ጋሮማ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። "እንግዲህ አምቦ ሁሉ የከብት ውሃ ሲበላ መኖሩን ሰማ" አላት። ከውስጥ ግን አንድም ሰው ሹካውን አላስቀመጠም። ሽማግሌው ዱካ ጎትቶ ወጥ ቤት አስገባላት። "ታኢ፣ ቁጭ በይ። እስከ መቼ ነው?"

"እንጃ" አለች ጃለኔ። መዋሸት አቃታት።

ልዩ ቀና ብላ አላየቻትም። ያልተላጠውን ድንች ግማሹን ወደ እናቷ ገፋ አደረገችና ሁለተኛውን ቢላዋ በላዩ ላይ አስቀመጠች። ጃለኔ ተቀምጣ መላጥ ጀመረች። ብዙ ሳትቆይ ጠረጴዛው ይንጫጫ ጀመር፣ ልጣጩ ከጫፉ ላይ ይወድቃል። ልታቆመው ሞከረች፣ እምቢ አላት።

ልዩ ቢላዋዋን ሳታስቀምጥ፣ ከጠረጴዛው ሥር እግሯን ዘርግታ የእናቷ እግር ላይ አሳረፈችው። ድሮ ትንሽ ነበር፤ አሁን የእናቷን ያህላል፣ ይከብዳል። ተጫነችው፣ አላነሳችውም።